የዤራር «ሳይኪና ኩፒድ» በግማሽ መጠን፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፍራንሷ ዤራር በ1798 በፓሪሱ የሥዕል ዐውደ ርእይ ያቀረበውንና ዛሬ በሉቭር ቤተ መዘክር የሚገኘውን «ሳይኪና ኩፒድ» ለጥናት መገልበጥ ጀምሬያለሁ። ዋናው ሥዕል በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ሲሆን ቁመቱ 186፣ ወርዱ 132 ሴንቲ ሜትር ነው። የእኔ ቅጂ በቁመትም በወርድም የዚህ ግማሽ፣ ማለትም 93 በ66 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መጠኑን የመረጥኩት ለምሠራበት ክፍል ስለሚመች ብቻ አይደለም። ሉቭር በአዳራሾቹ ውስጥ እንዲገለብጡ ፈቃድ የሚሰጣቸው ሠዓሊዎች ቅጂያቸው ከዋናው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ እንዲያንስ ወይም እንዲበልጥ፣ የቀደመውም ሠዓሊ ፊርማ እንዳይገለበጥ ይጠይቃል፤ እኔ የምቀባው በቤቴ ቢሆንም ሥርዓቱ ተገቢ መስሎ ስለታየኝ እከተለዋለሁ። ወደ ቤተ መዘክሩ እየሄድኩ ከሥዕሉ ፊት በእርሳስ እነድፋለሁ፣ የቀለሙንም ጠባይ በጽሑፍ እይዛለሁ፤ ቤት ስመለስ በትልቁ ከታተመ ፎቶግራፍ ጋር እያመሳከርኩ እቀባለሁ። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ወራቱንና ሰዓታቱን ግን በእኛ እጽፋለሁ።

በሥዕሉ ላይ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ሳይኪ ሣር በለበሰ ጉብታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከወገቧ በታች ስስ ጨርቅ ተጥሎባታል፣ ክንዶቿን ከጡቶቿ በታች አጣምራለች፣ ዓይኖቿ ተከፍተው ሳለ የሚያርፉበት ነገር የላቸውም። ባለ ክንፉ የፍቅር አምላክ ኩፒድ አጠገቧ ቆሞ ወደ እርሷ አዘንብሏል፤ ግንባሯን ይስማታል። ከራሷ በላይ አንዲት ቢራቢሮ ትበራለች፤ በጥንቱ የግሪክና የሮማ ጥበብ ቢራቢሮ የነፍስ ምልክት ነበረች፣ ሳይኪም የነፍስ ምሳሌ ሆና ትሣል ነበር።

ታሪኩ ከአፑሌዩስ የተገኘ ነው። አፑሌዩስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ዛሬ አልጄሪያ በምንለው ምድር በማዳውሮስ ከተማ የተወለደና በላቲን የጻፈ ሰው ሲሆን፣ 11 ክፍሎች ባሉት ልብ ወለዱ ውስጥ የሳይኪ ታሪክ ከ4ኛው ክፍል ጀምሮ እስከ 6ኛው ይዘልቃል። የንጉሥ ልጅ የሆነችው ሳይኪ በውበቷ ምክንያት ሰዎች የውበት አምላክ የሆነችውን የቬነስን አምልኮ ስለዘነጉ፣ ቬነስ ተቆጥታ ከሰው ሁሉ ለተናቀው ፍቅር እንዲያሲዛት ልጇን ኩፒድን ትልከዋለች፤ እርሱ ግን ራሱ ይወዳታል። የምዕራብ ነፋስ ተሸክሞ ወደ ቤተ መንግሥቱ ካደረሳት በኋላ ባሏ የሚመጣው በሌሊት ብቻ ነው፤ ሳይነጋ ይሄዳል፣ መልኩንም ለማየት እንዳትሞክር ያስጠነቅቃታል። እህቶቿ መክረዋት መብራት አብርታ ስታየው የጋለ ዘይት ጠብ ብሎ ትከሻውን ያቃጥለዋል፤ ይለያያሉ። ከብዙ ፈተና በኋላ የአማልክት ንጉሥ ጁፒተር የማትሞት አድርጓት ጋብቻቸው ይጸናል።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት የዤራር ምርጫ የሚገባን ታሪኩን ስናውቅ በመሆኑ ነው። በመጽሐፉ ኩፒድን የሚሰውረው ጨለማ ነው። ዤራር ጨለማውን ትቶታል፤ ሁለቱን በቀን ብርሃን፣ በሰማይ ሥር፣ በአረንጓዴ መስክ ላይ አውጥቷቸዋል። እኛ ኩፒድን ከጸጉሩ ጀምሮ እስከ እግሩ እናየዋለን፣ እርሷ ግን አታየውም። ሌላ ሠዓሊ ጥላ ጥሎበት ሊገላገል ይችል የነበረውን ጉዳይ ዤራር በሳይኪ አካል ላይ ብቻ እንዲገለጽ አድርጎታል፤ በዓይን የማይታይ ነገር እንደነካት የሚነግረን ፊቷ፣ ትከሻዋና የክንዶቿ አቀማመጥ ነው። የዚህ ቅጂ ዓላማም ይኸው ነው፤ ያልታየ ንክኪ በቀለም እንዴት እንደሚሠራ በእጄ ለማወቅ።

ጥቅምት መጀመሪያ፦ ሸራውና መደቡ

ድሩና ማጉ የተቀራረበ፣ እባጭ የሌለበት የበፍታ ሸራ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሬ፣ ነጭ መደብ፣ ማለትም ከቀለሙ ሥር የሚውል ቅብ፣ በስሱ እየደራረብኩ ቀባሁ፤ በየመሀሉም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። እንደ ዤራር ያሉት፣ የጥንቱን የግሪክና የሮማ ጥበብ አርአያ ያደረጉት የኒዮክላሲክ ሠዓሊዎች የሚፈልጉት ገጽ የብሩሽ ፈለግ የማይታይበት ነው፣ ስለዚህ የጨርቁ ሽመና ራሱ ፊት ላይ ብቅ ማለት የለበትም። በመጨረሻ ጣቴን ሳሳልፍበት የሚያሻክር ነገር ሲጠፋ፣ ከነጭ፣ ከጥቁርና ከጥቂት ቢጫ ኦከር የተቀላቀለ ሞቅ ያለ ፈዛዛ ግራጫ በሙሉ ገጹ ላይ አለበስኩት።

ጥቅምት አጋማሽ፦ ንድፍ

ዤራር በ1770 በሮም ከጣሊያናዊት እናት የተወለደ ሲሆን በ1786 ወደ ዣክ ሉዊ ዳቪድ ስቱዲዮ ገብቶ የተማረ ነው። በዚያ ስቱዲዮ መስመር ከቀለም ይቀድማል፤ ተማሪው ከሕያው ሰውና ከጥንት ሐውልቶች ፊት ተቀምጦ የአካልን ዙሪያ ገባ እስኪያጠራ ድረስ ይነድፋል። እኔም በተማሪነቴ ከጀሶ ምስሎች ፊት ረጅም ሰዓት መቀመጥን ስለለመድኩ፣ ይህን ደረጃ ለማሳጠር አልፈለግሁም።

ለመገልበጥ የተጠቀምኩት ጥንታዊውን የመረብ ዘዴ ነው። ቁመቱንም ወርዱንም ለ6 ከፈልኩ፤ በዋናው ላይ እያንዳንዱ ክፍል 31 በ22፣ በእኔ ሸራ ላይ 15.5 በ11 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መጀመሪያ በከሰል፣ ቀጥሎ ጫፉ በተሳለ እርሳስ ነድፌ፣ ከሰሉን በላባ አራገፍኩት።

ስነድፍ በሚገባ የታየኝ የሁለቱ አካላት ልዩነት ነው። ሳይኪ ረጋ ያለች፣ ወደ ራሷ የተሰበሰበች ናት፤ የክንዶቿ መስመር ከደረቷ አይርቅም። ኩፒድ ግን የተዘረጋ ነው፤ ቁመናው ከእግሩ ተነሥቶ ወደ ግንባሯ የሚያዘነብል አንድ ረጅም መስመር ይሆናል፣ ክንፎቹም ያንን መስመር ወደ ላይ ይመልሱታል። የዚህ ሁሉ መስመር ማረፊያ ከንፈሩ ግንባሯን የሚነካባት ጥቂት ቦታ ናት። በእኔ ሸራ ላይ ያቺ ቦታ ከጣት ጥፍር አትሰፋም። የእርሳሱ መስመር እዚያ ሲደርስ ትንሽ ቢጠብቅ መሳሙ ጫና ይሆናል፤ ትንሽ ቢላላ ደግሞ ኩፒድ የሚስማት ሳይሆን የሚያንሾካሽክላት ይመስላል። ስለዚህ በዚያ ቦታ ላይ የሁለቱን መስመር ሳላገናኝ፣ በመካከላቸው ፀጉር የምታህል ክፍተት ትቼ አለፍኩ፤ ግንኙነቱን የሚሠራው ቀለሙ እንዲሆን ነው።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕል እያየ ያደገ ዓይን እዚህ ላይ መለማመድ ያስፈልገዋል። በእኛ ሥዕል ጥቁሩ መስመር አካልን ያጸናል፣ ፊትን ከልብስ፣ እጅን ከመጽሐፍ ይለያል፤ ሥዕሉ ሲጠናቀቅም በግልጽ ይታያል። በዤራር ሥዕል መስመሩ የሁሉ መሠረት ሆኖ ሳለ ሲጠናቀቅ አንድም ቦታ አይታይም፤ የሚቀረው የሁለት ቀለሞች መገናኛ ጠርዝ ነው።

ኅዳር መጀመሪያ፦ የክንዶቹ ጥያቄ

የሳይኪ ክንዶች ለምን እንደተጣመሩ ሳላውቅ መቅባት አልወደድኩም። አንዳንዱ ተመልካች በእፍረት መሸፈን አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ግን ጡቶቿን ሳትሸፍን ከበታቻቸው ማጣመሯ ይህን ትርጉም የሚያፈርስ መስሎ ታየኝ። ታናሽ እህቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ፊት ለፊት ወዳለው ነጭ ግድግዳ እንድታይ ነገርኳትና ከጎኗ ቆሜ በላባ ጫፍ ግንባሯን ነካሁት። ዓይኗን አልጨፈነችም፣ ወደ እኔም አልዞረችም። ትከሻዋ ትንሽ ከፍ አለ፣ ክንዶቿ ወደ ሆዷ ተሰበሰቡ፣ አፏ በጥቂቱ ተከፈተ።

«ምን ተሰማሽ?» አልኳት።

«ነፋስ መሰለኝ። ከዚያ ግን ነፋስ አይደለም አልኩ።»

ዤራር የያዘው ያንኑ ቅጽበት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰውነት ነገሩን ተቀብሎ አእምሮ ገና ስም ያልሰጠበትን። ስለዚህ ክንዶቹን ስቀባ ጡንቻዎቹ እንዲወጠሩ አላደርግም። አንዱ ክንድ በሌላው ላይ በክብደቱ ብቻ ማረፍ አለበት።

ኅዳር መጨረሻ፦ የመጀመሪያው ንብርብርና የቀለም ምርጫ

አምበር የተባለውን ቡናማ የአፈር ቀለም በጥሬው፣ በተርፐንታይን አቅጥኜ፣ ብርሃንና ጥላውን ብቻ ለየሁ። በዚህ ደረጃ ሥዕሉ በቡናማ ቀለም ብቻ የተሠራ ይመስላል። ጥላዎቹ ስስ መሆናቸው ግድ ነው፤ በኋላ ከሥር ያለው ግራጫ መደብ ካልተነፈሰባቸው ይጨልማሉ። በዘይት ቀለም ሥራ የታችኛው ንብርብር ዘይቱ አነስተኛ፣ የላይኛው ዘይቱ የበዛ ይሆናል፤ ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ የላይኛው ቀድሞ ይደርቅና የታችኛው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

ፓሌቴን፣ ማለትም የምጠቀምባቸውን ቀለሞች ስብስብ፣ በተቻለ መጠን ከ1798 ጋር ለማስማማት ወስኛለሁ። ለሰማዩ የፕሩሺያ ሰማያዊ ይዣለሁ፤ ይህ ቀለም በበርሊን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተገኘ ስለሆነ ዤራር ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ኮባልት ሰማያዊን አላስገባሁም፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ቴናር ያዘጋጀው በ1802 ነውና፤ ርካሹ ሰው ሠራሽ አልትራማሪንም የ1820ዎቹ ግኝት ነው። ከዚህ በተረፈ ቢጫ ኦከር፣ የናፖሊ ቢጫ፣ ደማቁ ቀይ ቨርሚሊየን፣ ከማደር ተክል ሥር የሚገኘው ቀይ፣ ቀይ ቡናማው የተቃጠለ ሲየና፣ አምበርና ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራው ጥቁር ይበቁኛል።

ከዘመኑ የምወጣው በነጩ ብቻ ነው። የዚያን ጊዜ ነጭ ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራው ነበር፤ መርዛማ ስለሆነ እኔ ቲታኒየም ነጭ እጠቀማለሁ። የሁለቱ ጠባይ በጣም ይለያያል። የድሮው ነጭ ሞቅ ያለና በከፊል ብርሃን አሳላፊ ስለነበረ ቆዳ ላይ ከሥር ያለው ንብርብር በጥቂቱ ይታይበት ነበር። ቲታኒየም ግን ቀዝቃዛና ደፋኝ ነው፤ ጥቂቱ እንኳ ሌላውን ቀለም ይውጠዋል። ስለዚህ ቀድሜ በናፖሊ ቢጫ አሙቄ፣ በተልባ ዘይት አላልቼ፣ አንድ ጊዜ አወፍሬ ከመቀባት ይልቅ በስሱ እየደራረብኩ እሠራዋለሁ። ሁለቱን ነጮች በሙከራ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ማየት ስለማልችል፣ የመጨረሻው ዳኛ ከዋናው ሥዕል ፊት ቆሜ የያዝኩት ማስታወሻ ነው።

ታኅሣሥ፦ ሥጋ

በዚህ አገር በብርድ ወራት ለቆዳ ቀለም የሚታመን ብርሃን የሚገኘው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። በኤሌክትሪክ መብራት ጨርሶ አልቀባም፤ ቢጫውና ቀዩ ይዋሻሉ።

የሳይኪ ቆዳ እጅግ የነጣ፣ ለሸክላ ዕቃ አንጸባራቂ ገጽ የቀረበ ነው፤ የኩፒድ ደግሞ በጥቂቱ የሞቀ። ይህን ልዩነት ዤራር ወንድና ሴትን ለመለየት የሚያገለግለውን የቆየ ልማድ ተከትሎ እንደሠራው አያጠራጥርም፤ ለመሳሙ ግን ከዚያ በላይ ይጠቅማል። የሞቀው ቀለም ወደ ቀዘቀዘው ሲጠጋ ሙቀቱ የሚያልፍ ይመስላል። ስለዚህ ለሳይኪ ነጭ፣ የናፖሊ ቢጫና ከቢላዋ ጫፍ የማይበልጥ ቨርሚሊየን፤ ለኩፒድ እነዚሁ ላይ ኦከርና ጥቂት ሲየና ጨምሬ ቀላቀልኩ።

ከብርሃኑ ወደ ጥላው የሚያሸጋግረው መካከለኛ ቀለም ከሁሉ የከበደ ሥራ ነው። ሲርቁት ግራጫ፣ ሲጠጉት ወደ አረንጓዴ የሚያዘነብል ይመስላል። ከነጭ፣ ከኦከርና ከጥቁር የሚገኘው ይህ ድብልቅ ለብቻው ሲታይ የሕመምተኛ መልክ አለው፤ በብርሃኑ ሮዝና በጥላው ቡናማ መካከል ሲገባ ግን ሕይወት ያገኛል። የአሠራሬ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ብርሃኑን፣ መካከለኛውንና ጥላውን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ በንጹሕና በደረቀ ብሩሽ ድንበሮቹን ብቻ አገናኛለሁ፤ ከዚያም ሰፊና በጣም ለስላሳ በሆነ ብሩሽ፣ ቀለሙን ሳልጫን፣ የብሩሹ ፈለግ እስኪጠፋ ድረስ እዳብሰዋለሁ። ዳበሳው ከበዛ ቅርጹ ይሟሽሻል፤ ጉልበቱ ጉልበት፣ ትከሻው ትከሻ መሆኑን ይረሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ንብርብር ከደረቀ በኋላ የአጥንቱን ቦታ እንደገና በጠንካራ ጠርዝ እመልሳለሁ፤ በተለይ በትከሻዋ ጫፍ፣ በክርኗና በኩፒድ ጉልበት ላይ።

ይህን ሥዕል «ቀዝቃዛ» የሚሉት አሉ፤ ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ስሜት የጎደለው ይመስላቸዋል። ስቀባው ያገኘሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። የብሩሽ ምት የሚታይ ቢሆን ኖሮ የምናየው የሠዓሊውን እጅ ነበር፤ እዚህ ግን በመካከላቸው ሦስተኛ እጅ መግባት የለበትም። ሳይኪ የማይታይ ነገር እንደሚነካት ሁሉ የሠዓሊውም እጅ የማይታይ መሆን አለበት። ልስላሴው ከጉዳዩ ጋር ስምም ነው።

ታኅሣሥ መጨረሻ፦ ግንባሩና ከንፈሩ

በንድፉ ላይ የተውኳትን ክፍተት ዛሬ ዘጋሁ። የግንባሯ ቀለም ገና እርጥብ ሳለ የኩፒድን ከንፈር በማደርና በኦከር አስቀምጬ፣ በትንሽ ብሩሽ ጫፍ ሁለቱን ጠርዞች በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከእርሱ ወደ እርሷ፣ ጎተትኩ። በዚያ ቦታ ጥላ አላስቀመጥኩም። ሁለት ነገሮች በጫና ሲነካኩ በመካከላቸው ጥቁር መስመር ይፈጠራል፤ እዚያ ጥላ አለመኖሩ ነው ንክኪው ክብደት እንደሌለው የሚናገረው። የእጆቹም ሁኔታ ተመሳሳይ ነው፤ ይከቧታል፣ ጣቶቹ ግን ሥጋዋን አይጫኑም፣ ስለዚህ ከጣቶቹ ሥር የሚያርፈው ጥላ ፈዛዛና ጠርዙ የላላ መሆን አለበት።

ዓይኖቿን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ልመዝግብ። አንድን ነገር የሚያይ ሰው ሁለቱ ብሌኖቹ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይገናኛሉ። እኔ ሁለቱን ትይዩ አድርጌ አስቀመጥኳቸው፤ በብሌኖቹም ላይ ያለውን የብርሃን ነጥብ ከነጭ ይልቅ በፈዛዛ ግራጫ ሠራሁት። ዓይኖቹ ክፍት ሆነው ሳለ ወደ ውስጥ የሚያዳምጡ ሆኑ።

ጥር፦ ጨርቁ፣ ክንፎቹ፣ መስኩ

ስሱን ጨርቅ ለመሥራት መጀመሪያ እግሮቿን ሙሉ በሙሉ፣ ምንም ጨርቅ እንደሌለ አድርጌ ጨረስኩ። ከደረቀ በኋላ ነጩን በብዙ ዘይት አላልቼ በላዩ አሳለፍኩት። ነጠላ የለበሰ ሰው ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጨርቁ አንድ ሆኖ በሚያርፍበት ቆዳ ይታያል፣ በሚታጠፍበት ነጭነቱ ይጨምራል፣ በሚደረብበት ይሸፍናል። ስለዚህ ብርሃኑን የተከተልኩት በእጥፋቶቹ ላይ ብቻ ነው።

ክንፎቹን በረጅም ብሩሽ፣ ከሥሩ ወደ ጫፉ፣ በሁለት ቀን ጨረስኳቸው። ሰማዩንና ኮረብታዎቹን ቀለል ባለ ቀለም፣ ከሁለቱ አካላት ጠርዝ ጋር እርጥቡን በእርጥቡ እያገናኘሁ ሠራኋቸው፤ የሳይኪ ትከሻ ከሰማዩ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ጥርት ያለ፣ ጸጉሯ የሚገናኝበት ግን የላላ ነው። መስኩ ብዙ አላስቸገረኝም።

በዚህ ወር ሉቭር ስሄድ ለንጽጽር ሁለት ሥራዎችን ረዘም ላለ ጊዜ አየሁ። አንዱ ጣሊያናዊው ቀራፂ አንቶኒዮ ካኖቫ ከ1787 እስከ 1793 በእብነ በረድ የሠራው፣ ኩፒድ ከሞት መሰል እንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ሳይኪ ነው። በካኖቫ ሥራ እርሷ ክንዶቿን ወደ ላይ ዘርግታ ራሱን ትከበዋለች፤ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ በመካከላቸውም ክብ ይፈጠራል። የዤራር ሳይኪ የራሷን ክንዶች ለራሷ ይዛለች፤ የታሪኩ መጀመሪያ ላይ ናትና ገና ምላሽ የላትም። ሌላው ፍራንሷ ኤድዋር ፒኮ በ1817 የሠራው፣ ኩፒድ ከተኛችው ሳይኪ አልጋ ሹልክ ብሎ ሲነሣ የሚያሳየው ሥዕል ነው። በዚያው ዓመት የዤራር መምህር ዳቪድ ብራሰልስ በስደት ሳለ ይህንኑ የንጋት መለያየት ሥሏል፤ ዛሬ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ይገኛል፣ በእርሱ ላይ ኩፒድ ወደ እኛ ፈገግ የሚል ተራ ጎረምሳ ነው። ሁለቱም ሳይኪን በማስተኛት አለማየቷን አቃልለውታል። የተኛ ሰው አለማየቱ አያስደንቅም፤ ነቅታና ዓይኗን ገልጣ አለማየቷ ግን ለሠዓሊ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ዤራርን ከሁለቱ አስበልጬ የምወደውም ይህን ጥያቄ ስላልሸሸ ነው።

የካቲት አጋማሽ፦ ማጠናቀቅ

ቢራቢሮዋን በመጨረሻ፣ ሌላው ሁሉ ከደረቀ በኋላ፣ በቀጭን ብሩሽ አስገባኋት። በግማሽ መጠን ስትሠራ እጅግ ታንሳለችና በጥቂቱ ላጎላት ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ነገር ግን ከተጎላች ዓይን ቀድሞ እርሷ ላይ ያርፍና ምልክቱ መሳሙን ይሻማዋል። ልኳን ጠብቄ ተውኳት።

ከዚያ በኋላ በሳይኪ ጉንጭና በክርኖቿ ላይ ስስ የማደር ቀይ በብዙ ዘይት አሳለፍኩ፣ የኩፒድንም የደረት ጥላ በአምበርና በማደር ጥቂት አጠለቅኩት። በግንባሯ ላይ ምንም አልጨመርኩም። ቅጂውን ከጥቂት ርቀት ሳየው የሁለቱ የቆዳ ቀለም ልዩነት ከዋናው በጥቂቱ የጠነከረ ነው፤ ቲታኒየሙ የሳይኪን ቆዳ ስላቀዘቀዘው ነው። በቫርኒሽ ጊዜ፣ ማለትም የመጨረሻውን ብርሃን አሳላፊ መከላከያ ቅብ ስቀባ፣ ጥላዎቹ ሲጠልቁ ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚለወጥ አያለሁ።

ዘይቱ እስከ ውስጥ እንዲደርቅ ስድስት ወር ያህል እተወዋለሁ፤ ቫርኒሹን የምቀባው በነሐሴ ነው። ከሸራው ጀርባ «ከፍራንሷ ዤራር 1798 ሥዕል የተገለበጠ፣ በግማሽ መጠን» ብዬ የተጠቀምኩባቸውን ቀለሞች ዝርዝር ጽፌያለሁ፤ ነጩ ቲታኒየም መሆኑንም ለይቼ አስፍሬዋለሁ። እስከዚያው የተጣመሩትን ክንዶች ብቻ፣ በዋናው ሙሉ መጠን፣ በሌላ ሸራ ላይ ለመሥራት መረቡን ማስመር ጀምሬያለሁ።